ቁጥር የሌለው ሥራ

ይቺ ልጅ ምን ሠርታ ትኖራለች?

እማማ ሜላት ይህን ጥያቄ ይዘው ይተኛሉ፤ ይዘውት ይነሣሉ። ፊታቸውን ሲታጠቡ አብሯቸው ነው። መጋረጃውን ገልጠው ጦሳ ተራራ ላይ የተኛውን ጉም ሲያዩም አብሯቸው ነው። መልስ ግን የላቸውም። አሥረኛ ክፍል ድረስ የተማሩ ሴት ናቸው፣ ሞኝ አይደሉም። በልጅነታቸው ሰው ሁሉ ስልኩ ላይ አቀርቅሮ የሚሄድበትን ዘመን አይተዋል። ያኔ ትልልቆቹ ያንን ዘመን ሲራገሙት ይሰሙ ነበር። ዛሬ ይናፍቃቸዋል። ቢያንስ ያኔ ያቀረቀረው ሰው ቀና ሲል አጠገቡ ሌላ ሰው ያገኝ ነበር።

አሁን በደሴ ሰው ሲተዋወቅ «ማን ልበል?» ማለት ከቀረ ቆየ። «ስንት ነሽ?» ነው የሚባለው። ሁሉም ልኩን፣ ዋጋው የሚለካበትን ቁጥር፣ ደረቱ ላይ ለጥፎ ይሄዳል፤ ልኩም ቀኑን ሙሉ ሲወጣና ሲወርድ ይውላል። ዳቦ ቤቱ በር ላይ ቁጥር ይበራል፤ እሱን ከራስህ ልክ ቀንሰህ የቀረውን ካልነገርከው በሩ አይከፈትልህም። አውቶቡሱም እንደዚያው ነው። የጤና ጣቢያውም በር እንደዚያው ነው፤ ምጥ የያዛት ሴት በሩን ተደግፋ፣ ላቧ እየተንጠፈጠፈ፣ ስታሰላ እማማ ሜላት በዓይናቸው አይተዋል። ከኋላዋ የተሰለፉት ሰዎች መልሱን ያውቁታል። ማንም ትንፍሽ አላለም። ለሌላው መንገር ክልክል ነው። እማማ ሜላትም ትንፍሽ አላሉም፤ ያን ዕለት ቤት ገብተው እራት አልበሉም።

ስመኝ የልጃቸው ልጅ ናት። ቁጥር አይገባትም። ሰነፍ ሆና አይደለም፤ ስንት ሌሊት አብረው ተቀምጠው ለፍተዋል። ቁጥር ፊቷ ሲቀርብ እንደ ተነካ ጉንዳን ይተራመስባታል። የሚወጡበትን ፎቅ እንኳ ለይታ መጫን ስላቃታት፣ በኮሪደሩ ማዶ ያለው ጎረቤታቸው ጋሽ ናቲ የሊፍቱን ቁልፍ በቀይ የጥፍር ቀለም ቀብቶላታል።

«ይኼ ቀለም ከየት መጣ?» ብለውት ነበር እማማ ሜላት።

«የሚስቴ ነው፣ ነፍሷን ይማረውና» አለ ጋሽ ናቲ። «ለሊፍት ስቀባው ብታየኝ ኖሮ እኔንም አስከትላ ነበር የምትሄደው።»

ሰው ግን ለስመኝ ይገባታል። ክፍል ስትገባ ማን እንዳኮረፈ፣ ማን ጾሙን እንዳደረ፣ ማን ሊያለቅስ እንደሆነ ታውቃለች። ሁለት ሰው ጠረጴዛ ተሸክሞ ሲያልፍ ካየች፣ የደከመው «ደከመኝ» ሳይል እጇ እሱ ጋ ደርሷል። እንዲህ ያለች ልጅ ድሮ ቢሆን ሰፈር ይጣላባት ነበር። ዛሬ እንዲህ ያለው ነገር የሚጻፍበት ቦታ የለም።

መስከረም ሳይጠባ ሥራ ያላገኘ ወጣት ደግሞ ወደ ቆላ ጣቢያ ይወርዳል። እዚያ በረሃው ላይ፣ በመስታወት ክፍል ውስጥ፣ ለብቻው ተቀምጦ የሚንቀሳቀስ ቁጥር ሲጠብቅ ይኖራል። የስመኝ እናት ወርዳ ነበር። ስትመለስ አካሏ ሙሉ ነው፤ ሰው ሲያናግራት ግን ወደ ግድግዳው ዞራ ነበር የምትመልሰው። ብዙም አልቆየች።

እማማ ሜላት ልጅቷን ይዘው ወደ ሥራ አዳራሹ የሄዱት ይህን እያሰቡ ነው። አዳራሹ ውስጥ ሠራተኛ የለም። መስኮቶች አሉ፤ መስኮቶቹ ይናገራሉ።

«ስንት ነሽ?» አላት መስኮቱ።

«ስመኝ እባላለሁ።»

«ስንት ነሽ?»

እማማ ሜላት መሐል ገቡ። «እኔ ልናገር። ይቺ ልጅ ቁጥር አይሆንላትም። ከቁጥር ጋር ብዙ የማያገናኛት ሥራ ፈልግላት። ከሰው ጋር ተባብራ የምትሠራው ይሁን። በሱ ጎበዝ ናት።»

«ተባብራ ማለት?»

«በጋራ ነዋ! አንዱ ሲደክመው አንዱ እየያዘለት!»

«አንዱ ለአንዱ ሲይዝ ልክ ይዛባል» አለ መስኮቱ፣ በለዘበ ድምፅ። «የማን ድካም የማን እንደሆነ አይታወቅም። የጋራ ሥራ ቀርቷል።»

«ወጥ ቤት አይገኝም?»

«ለየብቻ ነው።»

«ልብስ ስፌት?»

«ለየብቻ።»

«ግንባታ?»

«ለየብቻ።»

«ቀብርስ?» አሉ እማማ ሜላት ደማቸው ፈልቶ። «ቀባሪም ብቻውን ነው የሚቀብረው?»

«ብቻውን ነው።»

ስመኝ የአያቷን ነጠላ ጫፍ ያዘች። «እንሂድ እማዬ» አለች። መስኮቱ ግን፣ «አንድ አለ» አለ።

«ምን?»

«የቡድን ሥራ ነው። ቁጥር የለውም።»

«ምንድን ነው ሥራው?»

«ማንሣት።»

«ምን ማንሣት?»

«የሚነሣውን።»

እማማ ሜላት ቁም ሣጥን አሰቡ፤ ፍራሽ፣ የማሽን ስብርባሪ አሰቡ። ልጅቷ ጠንካራ ናት፣ ትከሻ አላት። ሌላ አልጠየቁም። የፈለገውን ያገኘ ሰው ጥያቄ ያጥረዋል። አውራ ጣታቸውን መስኮቱ ላይ አሳረፉላት።

ከዚያ በኋላ የመጣው ጊዜ ደግ ጊዜ ነበር። ስመኝ ጠዋት ግራጫ ካፖርቷን ለብሳ፣ ጓንቷን ኪሷ ከታ፣ «ደህና ዋይ እማዬ» ብላ ትወጣለች፤ ማታ የሰው ስም ይዛ ትመጣለች። አለቃቸው ሻረው ይባላል፣ ቁጡ ነው፣ ግን ሆዱ ገር ነው። አጸደ የምትባል አለች፣ ስትስቅ ትንፋሽ ያጥራታል። ምሳ በየግል ማሸጊያ አይደለም፤ ከአንድ ትሪ ነው የሚበሉት።

«ከአንድ ትሪ?» አሉ እማማ ሜላት። ከአንድ ትሪ የበላ ሰው ካዩ ስንት ዘመናቸው!

«ይጎራረሳሉ ደግሞ! ሻረው መጀመሪያ ቀን ሲያጎርሰኝ ልታነቅ ነበር።»

አንድ ቀን ደግሞ ፊቷ በርቶ ገባች። «እማዬ፣ አውራጅ አደረጉኝ!»

«የምን አውራጅ?»

«ሥራ ላይ ቁጥር መጥራት ክልክል ነው አላልኩሽም? አንድ፣ ሁለት፣ ሦስት ብለው ማንሣት አይችሉም። ታዲያ አንዱ ሲቀድም አንዱ ሲዘገይ የሻረው ወገብ ሊቆረጥ ነበር። እኔ የአንቺን ነገርኳቸው፤ አሁን የምጣራው እኔ ነኝ።»

የአንቺን ያለችው የእማማ ሜላትን የልጅነት ነገር ነው። እማማ ሜላት ሕፃን ሆነው አያታቸው አገር ሰው ሲታመም በቃሬዛ ተሸክሞ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሰው ጎረቤቱ ነበር። መንገዱ ዳገትና ገደል ነው። ታዲያ ተሸካሚ አይቆጠርም፤ የተቆጠረ ሰው ይጎድላል ይባላል። ስለዚህ ፊት የሚይዘው ሰው «ማን አለ?» ብሎ ይጣራል፤ የቀሩት «ሁላችን!» ይላሉ፤ «ሁላችን» በሚለው ቃል ላይ ቃሬዛው ከመሬት ይነሣል። አንድም ትከሻ አይቀድም፣ አንድም አይዘገይም። ስመኝ ልጅ ሆና እንቅልፍ እምቢ ሲላት ይህን ነበር የምታስደግማቸው። በዓለም ላይ ቁጥር የሌለበት ሥራ መኖሩን ያወቀችው ከዚህ ወሬ ነው።

እማማ ሜላት ያን ማታ ተመስገን ብለው ተኙ። ጥያቄውም አብሯቸው አልተኛም።

በሰኔ ነው፣ ዝናቡ ጋብ ባለበት አንድ ጠዋት፣ ዳቦ ይዘው ሲመለሱ ከአንድ ሕንፃ ግቢ ድምፅ ሰሙ።

«ማን አለ?»

«ሁላችን!»

አንጀታቸው ራሰ። ድምፁን የት ያጡታል! እግራቸው በራሱ ጊዜ ወደ ግቢው ዞረ፤ ልጅቷ ስትሠራ ሊያዩ። ቁም ሣጥን ሲወጣ ሊያዩ።

የወጣው አልጋ ነው። አልጋው ላይ እማማ ክርስቲና አሉ። አብረዋቸው ያረጁ፣ የሰፈሩን ልጆች ፀጉር ሲሠሩ የኖሩ ሴት ናቸው። ብርድ ልብሳቸውን እስከ አገጫቸው ስበው፣ በአንድ እጃቸው የበሩን መቃን ይዘዋል። ቡድኑ ቆመ። ስመኝ ጎንበስ ብላ በጆሯቸው አንድ ነገር አለቻቸው፤ ከዚያ ጣታቸውን ከመቃኑ ላይ አንድ በአንድ፣ እንደ ሕፃን ጣት፣ በፍቅር አላቀቀችው። «ማን አለ?» አለች እንደገና። «ሁላችን!» አሉ። አልጋውን ደልደል ያለ ቦታ መርጠው፣ ሳያንገጫግጩ፣ መንገድ ዳር አስቀመጡት። በሩ በራሱ ተዘጋ። ቡድኑ ሄደ። እማማ ክርስቲና አልጋቸው ላይ ተቀምጠው ሰማይ ሰማይ ያያሉ፤ ዝናቡም ጀመረ።

እማማ ሜላት ነጠላቸውን አልብሰዋቸው፣ ዳቦውን ሰጥተዋቸው አጠገባቸው ቆሙ። ትንሽ ቆይቶ እማማ ክርስቲናን ሌላ ቡድን መጥቶ ወሰዳቸው። ወዴት እንደሆነ ቢጠይቁም የሚመልስ አልነበረም።

ማታ ስመኝ ስትገባ መብራት አላበሩም።

«ዛሬ ምን አነሣችሁ?»

ስመኝ በሩ ላይ ቆመች። «አየሽን እንዴ?»

«ጣቷን ስትፈለቅቂ አየሁሽ።»

«እኔ ባላላቅቀው ሻረው ይጎትተው ነበር፣ ይሰበር ነበር። በእኔ እጅ ሲሆን ቀስ ብለው ነው የሚወጡት። ሌሎቹን ቡድኖች ብታያቸው! ይጥላሉ!»

«ከቤቷ እኮ ነው! ምን አጠፋች?»

«ልካቸው ወረደ። ቤቱ ከእሳቸው በላይ ሆነ።»

«ቤቱ ከእሷ በላይ ሆነ!» እማማ ሜላት ተነሥተው ቆሙ። «ይህ ሁሉ ማሽን ባለበት አገር ለዚህ ለዚህ ሰው ፈለጉ?»

«ማሽን ሰው አይነካም፣ ሕግ ነው። ቢሰብር ማን ይጠየቃል? አንድ ሰው ብቻውን ቢያደርገውም ስሙ ይያዛል። እኛ ግን ብዙ ነን። ማን አነሣ ቢባል ቡድኑ ነው። ስንት ነበራችሁ ቢባል አልተቆጠርንም።»

ይህን የተናገረችው ያስጠኗትን ትምህርት እንደምትደግም ሆና ነው፤ ድምፅዋ ውስጥ ክፋት የለም። እማማ ሜላትን ያቃጠላቸውም እሱ ነው። ለካስ ለዚህ ኖሯል! ምጥ ለያዛት ሴት መልስ መንሾካሾክ የተከለከለ ሕዝብ፣ ባልቴት ከነአልጋዋ ለማውጣት ሲሆን ተባበሩ ይባላል። ከአንድ ትሪ ብሉ፣ ተጎራረሱ፣ ተዋደዱ ይባላል። ከሥራ ሁሉ ላይ «የጋራ» የሚለውን ቃል ገፈው ገፈው፣ ለዚህ ለአንዱ ብቻ አስቀርተውለታል።

«በሽተኛ ሐኪም ዘንድ የሚያደርሱበትን ጥሪ!» አሉ። «ሰው ከሞት የሚያወጡበትን! እሱን ነው ያረከስሽው!»

«አንቺ አይደለሽ ያስተማርሽኝ?» ስመኝም ጮኸች። ጮኻባቸው አታውቅም ነበር። «አንቺ አይደለሽ መስኮቱ ጋ የወሰድሽኝ? እሺ ልተወው። ልውረድ? ቆላ ወርጄ እንደ እናቴ ከግድግዳ ጋር ላውራ? በይ ንገሪኝ፣ ልውረድ?»

ጥያቄው ተመልሶ መጥቶ መሐላቸው ተቀመጠ።

ከዚያ ወዲህ ቤቱ ውስጥ ወሬ የለም። ስመኝ ጠዋት «ደህና ዋይ እማዬ» ትላለች፤ እሳቸው ወደ መስኮቱ ያያሉ። ልጅቷ ባትሠራ ትወርዳለች፤ ብትሠራ ይህ ነው። አንዳንድ ሌሊት በልጅቷ ይናደዳሉ፣ አንዳንድ ሌሊት በሥራ አዳራሹ መስኮት፣ አንዳንድ ሌሊት በገዛ አውራ ጣታቸው።

ሐምሌ ሲጋመስ በኮሪደሩ ማዶ ያለው በር ላይ፣ የሚነሣ ሰው ቤት የሚታወቅበት ቀይ ጥብጣብ ተለጥፎ አደረ። የጋሽ ናቲ በር ነው።

እማማ ሜላት ሲገቡ አልጋው ላይ ጋደም ብሎ ሬዲዮ ያዳምጣል። እግሩ ካበጠ ወዲህ ብዙም አይነሣም።

«ስንት ነህ ሲሉኝ ‹ልጨርስ ነው› አልኳቸው» አለ። «ቀልድ አያውቁም። ቀነሱብኝ።»

«አትቀልድብኝ ናቲ!»

«ምን ላድርግ ታዲያ፣ ላልቅስ? ሜሉ፣ የማን ቡድን ነው የሚመጣው? ታውቂያለሽ?»

እማማ ሜላት ብርድ ልብሱን እግሩ ላይ አስተካከሉለት።

«የስመኝ ከሆነ ደስ ይለኛል» አለ ጋሽ ናቲ። «የሌሎቹ ይጥላሉ አሉ። የሷ እጅ ለስላሳ ነው።»

ሊያመሰግን ነው! እማማ ሜላት ከዚያ ክፍል የወጡት አንድ ነገር እንዳይሰብሩ ፈርተው ነው። ሰውን ከቤቱ ማውጣታቸው ሳያንስ፣ ቀስ ብለው ስላወጡት አመስጋኝ አድርገውታል። ቢጥሉት እንኳ ይሻል ነበር፤ ቢያንስ የወደቀ ሰው ይራገማል።

በማግሥቱ ስመኝን ሻይዋን ይዛ ቆማ አገኟት።

«ታውቂያለሽ?» አሏት።

«ማታ ነገሩን።»

«እና?»

ስመኝ ሻዩን ሳትጠጣ አስቀመጠችው። ዓይኗ አብጧል። «እኔ ካልኖርኩ ይጥሉታል» አለች። ካፖርቷን ለበሰች። «ደህና ዋይ እማዬ።»

ሊፍቱ ሲወርድ ሰሙ። ከዚያ እማማ ሜላት ጫማቸውን አደረጉ፣ ንጹሕ ነጠላ ለበሱ፣ ኮሪደሩን ተሻግረው ጋሽ ናቲ ቤት ገቡ። ብርድ ልብሱን ገለጥ አድርገው አጠገቡ አልጋው ላይ ወጥተው ተቀመጡ።

«ሜሉ!» አለ ጋሽ ናቲ። «ሰው ምን ይላል?»

«ዝም በል። ወደዚያ ጠጋ በል።»

ቡድኑ ሳይቆይ መጣ። በግራጫ ካፖርታቸው ክፍሉን ሞሉት። ሻረው ፊት ነው፤ ወፍራም፣ ወገቡን በሰፊ ቀበቶ ያሰረ ሰው። አጸደ የምትባለዋ ይቺ ትሆናለች፣ ትንፋሽ ያጠራት። ስመኝ ከሁሉም ኋላ ገባች። አያቷን አልጋው ላይ ስታይ ቆመች።

«እማማ፣ ይውረዱ» አለ ሻረው። «የርስዎ ተራ አይደለም።»

«ተራ አለው እንዴ? ቁጥር የለውም ብላችሁ አይደል?»

«ይውረዱ እባክዎን። እኛ ሠራተኞች ነን።»

«አልወርድም። ሥራችሁ ማንሣት አይደለም? አንሡና!»

«ከሁለት አንድ ይሻላል፣ ግን ይሁን፣ አልከብድም» አለ ጋሽ ናቲ። አጸደ ሳቋ አመለጣት፤ ወዲያው አፏን ያዘች።

ሻረው በእጁ ምልክት ሰጠ። መሸከሚያውን እንጨት በአልጋው ሥር አሳለፉ። በየቦታቸው በርከክ አሉ፣ ትከሻቸውን አስገቡ። የፊተኛው ቦታ የስመኝ ነው። ሄዳ ያዘችው። ፊቷ ከአያቷ ፊት ትይዩ ሆነ። እማማ ሜላት ያቺን ፊት ያውቋታል፤ ገና ሳትናገር ማን ሊያለቅስ እንደሆነ የምታውቅ ፊት ናት። ብዙ ሊሏት አስበው ነበር። ስድብም ነበራቸው፣ ልመናም ነበራቸው። ነጠላቸውን ብቻ ሰብሰብ አደረጉ።

ትከሻ ሁሉ እንጨቱ ሥር ተዘጋጅቶ ጥሪውን ይጠብቃል።

«ስመኝ» አለ ሻረው። «ጥሪ።»

ከንፈሯ ተንቀሳቀሰ። ድምፅ አልወጣም።

«ስመኝ! ወገቤን!»

አሁንም የለም። የሻረው ፊት ደም መሰለ፤ ራሱ ጮኸ። «ማን አለ?»

ማንም አልመለሰም። አጸደ እንጨቱን ታያለች። ሌሎቹ እርስ በርሳቸው ይተያያሉ። ያልተቆጠሩ ሰዎች፣ ለመጀመሪያ ጊዜ፣ እያንዳንዳቸው የራሳቸውን ትንፋሽ ይሰማሉ።

«እኔ አለሁ» አለ ጋሽ ናቲ ከአልጋው ላይ።

ስመኝ ትከሻዋን ከእንጨቱ ሥር አወጣች። ቀና አለች። ጓንቷን አንዱን አወለቀች፣ ሌላውን አወለቀች፤ አጣጥፋ ብርድ ልብሱ ላይ፣ በአያቷ እግር አጠገብ አኖረችው። እማማ ሜላት እጃቸውን ዘረጉ፤ አልደረሱባትም። ልጅቷ በቆሙት ሰዎች መሐል አልፋ፣ ቀይ ጥብጣብ የተለጠፈበትን በር ከፍታ፣ ሥራ ያጣ ሰው ቆላ እንደሚወርድ እያወቀች ከቤቱ ወጣች።